ይድረስ ለጊሊኖር፦ ከአንድ ዘገምተኛ ዛፍ ቆራጭ

ይድረስ ለተከበርሽው ለጊሊኖር ምድር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ናፍቆት ያልኩት ለወጉ ያህል ነው፤ ትናንት ማታም አብረን ነበርን። የድሮ ሰው ደብዳቤውን የሚጀምረው እንዲህ ነበር፤ አንቺም ራስሽ ‹ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ› በሚባል ጌም ውስጥ የምትኖሪ ምድር ስለሆንሽ ወግ ላጓድልብሽ አልፈለግኩም።

አንቺ አታውቂኝም። በአንድ ሰርቨር ላይ ብቻ እስከ ሁለት ሺህ ሰው ታስተናግጃለሽ፤ ሰርቨሮችሽ ደግሞ ብዙ ናቸው። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል እኔ ድሬይኖር መንደር፣ ውኃው ዳር ካሉት የአኻያ ዛፎች ሥር ቆሞ ያለ ጥድፊያ መጥረቢያውን የሚያነሣ የሚጥለው ነኝ። ዘንዶ አልገደልኩም። ለመግደልም አላሰብኩም። ስሜ በደረጃ ሰንጠረዥሽ ላይ ቢፈለግ የሚገኘው ከሥር፣ በጣም ከሥር ነው። የማመሰግንሽም በዚህ ምክንያት ነው፤ እዚያ ሥር ሆኜ እንኳ ሥራ አላሳጣሽኝም።

ደብዳቤው ክፍት ነውና ለማያውቁሽ አንባቢዎች ማን እንደሆንሽ በአጭሩ ላስተዋውቅ። (ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በጥር 2001 አንድሩና ፖል ጋወር የተባሉ እንግሊዛውያን ወንድማማቾች ሩንስኬፕን ለሕዝብ ከፈቱ። አንድሩ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ጌሙ የተሠራው ደግሞ ኖቲንግሃም በሚገኘው በወላጆቻቸው ቤት ነው። ሲዲ መግዛት፣ ትልቅ ኮምፒውተር መያዝ አያስፈልግም ነበር፤ በተራ ብራውዘር ይከፈታል፣ በነፃም ይገባል። ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ፣ መምህሩ ዞር ሲል የሚከፈት ጌም ማለት ነው። ከዚያ ጌሙም አደገ፣ ልጆቹም አደጉ። በ2012 መጨረሻ የውጊያው ሥርዓት ከሥሩ ሲለወጥ ግን ብዙ ነባር ሰው አኩርፎ ወጣ።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ዛሬም ያስደንቀኛል። የጌሙ ባለቤት የሆነው ድርጅት፣ ጃጌክስ፣ መጋዘኑን ሲፈትሽ በነሐሴ 2007 የተቀመጠ የጌሙን ሙሉ ቅጂ አገኘ። ‹ይህን አሮጌውን እንደገና እንክፈትላችሁ ወይ?› ብሎ ለተጫዋቾቹ ድምፅ አቀረበ። ከአራት መቶ ሺህ በላይ ሰው ድምፅ ሰጠና የካቲት 22 ቀን 2013 ‹ኦልድ ስኩል› ተብለሽ በርሽ ተከፈተ። በዚህ ዘመን ስልክሽ ላይ ያለው ሁሉ ‹አዘምን› እያለ ሲያዋክብሽ፣ አንድ ድርጅት የቀደመው ይሻላል ላሉት ሰዎች የቀደመውን መልሶ ሲሰጥ ያየሁት አንቺ ዘንድ ነው። ከዚያ ወዲህም አዲስ ነገር ሲታሰብ ለሕዝብ ይቀርባል፤ መጀመሪያ ከመቶ 75 ድምፅ ካላገኘ አያልፍም ነበር፤ በ2022 ወደ 70 ዝቅ ብሏል። ቁጥሩ ሲቀነስ የተነሣውን ጭቅጭቅ ብዙ ፓርላማ አላየውም።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አዲስ የመጣ ሰው ከመለማመጃው ደሴት ወጥቶ መጀመሪያ የሚቆመው ላምብሪጅ ነው። ትንሽ ቤተ መንግሥት፣ ከፊት ለፊቷ ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ አረንጓዴ ጎብሊኖች። ሌሎች የምናብ ዓለሞች እንግዳቸውን የሚቀበሉት ‹ለብዙ ሺህ ዓመት ስንጠብቅህ የኖርን ጀግና› እያሉ ነው። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ‹ያ ሪፖርት የታለ?› ስባል የዋልኩ ሰው ነኝ፤ ማታ ማታ ደግሞ አንድ ሙሉ መንግሥተ ሰማያት እጄን ሲጠብቅ ማየት አልችልም። አንቺ ዘንድ ግን መጀመሪያ የጠራኝ ሰው ምግብ አብሳይ ነበር። ኩሽናው ውስጥ ቆሞ ይጨነቃል፤ የመስፍኑ ልደት ነው፣ ኬኩ አልተጋገረም። የሚያስፈልገው አንድ እንቁላል፣ አንድ ባልዲ ወተትና አንድ ማሰሮ ዱቄት ነው። በቃ። ዓለም አትጠፋም፣ ጨለማ አይወርድም፤ ልደቱ ያለ ኬክ ያልፋል እንጂ።

እንቁላሉ ከዶሮዎቹ ግቢ ይለቀማል። ወተቱ ከላሚቱ ሥር ይታለባል። ዱቄቱ ግን መንገድ አለው፤ ስንዴውን ከእርሻው ትለቅሚያለሽ፣ በነፋስ የሚዞረው ወፍጮ ቤት ትወጫለሽ፣ ላይኛው ፎቅ ላይ እህሉን ትጨምሪያለሽ፣ እጀታውን ትስቢያለሽ፣ ከዚያ እስከ ታች ወርደሽ ዱቄቱን በማሰሮ ትቀበያለሽ። እኔ በልጅነቴ እህል ተሸክሜ ወፍጮ ቤት ተሰልፌ ያደግኩ ሰው ስለሆንኩ ይህ ሁሉ መውጣትና መውረድ አላስገረመኝም። ያስገረመኝ ወረፋ አለመኖሩና ዱቄቱን አጉድሎ የሚመዝን ሰው አለመኖሩ ነው። ሽልማቱ 300 የማብሰል ነጥብ ነበር። ለእንቁላል፣ ለወተትና ለዱቄት መጥፎ ክፍያ አይደለም።

የእህቴ ልጅ ትከሻዬ ላይ ተደግፎ ስልኬን ሲያይ የተናገረውን አልረሳም። እሱ የሚጫወታቸው ጌሞች ላይ የወታደሩ ላብ ሳይቀር ይታያል። ‹ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ፊት የለውም!› አለኝ። እውነቱን ነው፤ የአንቺ ሰዎች ፊታቸው በመጥረቢያ የተጠረበ ይመስላል፣ እጃቸው ጣት የለውም፣ ላሞችሽ ካርቶን ናቸው። ‹ፊት ባይኖረውም ሥራ አለው› ብዬ መለስኩለት። ሳቀብኝና ወደ ጦርነቱ ተመለሰ። እኔ ግን ያ የተጠረበ ፊትሽ ሌላም ጥቅም እንዳለው አውቃለሁ። ቀላል ስለሆንሽ የቆየ ስልክ ላይ ትሠሪያለሽ፤ ከጥቅምት 2018 ጀምሮ በስልክም በኮምፒውተርም ያው አንድ ዓለም፣ ያው አንድ አካውንት ነሽ። ዳታዬንም እንደ ቪዲዮ አትበይውም።

ስለ ኔትወርክ ካነሣን አንድ የሚደነቅ ጠባይሽን ልንገርሽ፤ ምናልባት ካንቺ ይልቅ እኛ እዚህ ያለነው ነን የምናስተውለው። አንቺ በሙሉ፣ ከንጉሥ እስከ አይጥ፣ በየ0.6 ሴኮንዱ አንዴ ነው የምትንቀሳቀሺው። የተጫዋቹ ትእዛዝ ሁሉ የሚፈጸመው በዚያ ምት ላይ ነው። የእህቴ ልጅ ጌም ላይ የኔትወርክ መዘግየት ማለት ሞት ነው፤ ጥይቱ እሱ ጋ ሳይደርስ እሱ ይሞታል፣ ከዚያ ስልኩ ሶፋ ላይ ይወረወራል። አኻያ ዛፍ ግን አይተኩስም። ሰርቨሩ እንግሊዝ ወይም ጀርመን፣ እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ትእዛዜ ዘግይቶ ቢደርስ አንድ ምት ታልፈኛለች፣ በሚቀጥለው እገባለሁ። መብራት ከሄደና ዋይፋዩ ከተቋረጠም ዛፉ ቦታው ላይ ይጠብቀኛል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ መጫወት የሚቻልበት የኦንላይን ጌም ብዙ አላውቅም።

አሁን ስለ ቁጥር ላውራ፤ የአንቺ ነገር ያለ ቁጥር አይሆንም። ከደረጃ 1 ወደ 2 ለማለፍ 83 ነጥብ ይበቃል፤ ጥቂት ዛፍ ነው። የመጨረሻው 99 የሚጠይቀው 13,034,431 ነጥብ ነው። ታዲያ እኩሌታው ስንት ላይ ነው ብለሽ ሰው ብትጠይቂ ‹50 ላይ› ይልሻል። እኩሌታው 92 ላይ ነው! የሚያስፈልገው ነጥብ በየሰባት ደረጃው በግምት እጥፍ እየሆነ ስለሚሄድ፣ 92 የደረሰ ሰው ገና መንገዱን አጋምሶ ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ተጫዋች አንዳንዱ ጭንቅላቱን ይይዛል። እኔ እፎይ ነው ያልኩት። መድረሻው ያን ያህል ከራቀ መሮጥ ትርጉም የለውም፤ ካልሮጥኩ ደግሞ ማንም አልቀደመኝም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የሰጠሽኝን አትወስጂብኝም። የሠራሁት ነጥብ ከነበረበት አይጎድልም። ለወራት ብጠፋ፣ ስመለስ መጥረቢያዬም ደረጃዬም እንዳስቀመጥኩት ነው። ይህን ትንሽ ነገር አድርገሽ እንዳታይው። ዓርብ የጨረስኩት የቢሮ ሥራ ሰኞ እንደገና ተወልዶ ይጠብቀኛል። የታጠበ ሳህን ማታውኑ ይቆሽሻል። ሌሎች የስልክ ጌሞችም ብትይ ‹ዛሬ ካልገባህ የትናንቱ ይቃጠላል› እያሉ ሰው ያስፈራራሉ፤ ሌሊት እየቀሰቀሱ ‹ግምብህ እየፈረሰ ነው› ይላሉ። ከአንቺ እንዲህ ያለ ማስፈራሪያ ደርሶኝ አያውቅም። ባለቤቴ ቀና ብላ ‹አሁንም ዛፍ ትቆርጣለህ?› ስትለኝ ‹አሁንም› እላታለሁ፣ ‹እራት ቀርቧል› ስትለኝ ደግሞ ስልኩን አስቀምጬ እነሣለሁ። መጥፎ ጀግና ነኝ፤ ማንም አልተጎዳም።

ካራምጃ ስለሚባለው ደሴትሽ ግን ረጋ ብዬ ማውራት አለብኝ።

ሎብስተር ለማጥመድ የዓሣ ማጥመድ ደረጃሽ 40 መድረስ አለበት። 40 የደረሰ ጀማሪ ደስ ብሎት የሎብስተር ማጥመጃ ቅርጫቱን ይገዛና ፖርት ሳሪም ከሚባለው ወደብ መርከብ ይሳፈራል። መሻገሪያው 30 ሳንቲም ነው። ካራምጃ ደሴት ወርዶ ዘንባባ በዘንባባ በሆነው ዳርቻ ወደ ማጥመጃው ይሄዳል። ሰው የሚሸከመው ዕቃ ብዛት 28 ነው፤ አንዱን ቦታ ቅርጫቱ ይይዛል፣ አንዱን የመመለሻው ሳንቲም፣ ለዓሣ የሚተርፈው 26 ነው። ስግብግብ የሆነ ሰው እዚህ ላይ ‹የሳንቲሙን ቦታ ለዓሣ ባደርገው?› ብሎ ያስባል። ሌላው ደግሞ ከመነሻው መመለሻ እንደሚያስፈልግ ሳያውቅ ይሄዳል። ብቻ አንድ ቀን ብዙ ሰው ያቺ ደሴት ላይ ዓሣ ተሸክሞ ያለ 30 ሳንቲም ይቀራል።

ታዲያ ከወደቡ አቅራቢያ ሉታስ የሚባል የሙዝ እርሻ ባለቤት አለ። ሥራ ትጠይቂዋለሽ። አሥር ሙዝ ለቅመሽ ሣጥኑን ትሞያለሽ። ይከፍልሻል። ስንት? 30 ሳንቲም።

ይህን ዋጋ ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ባገኘው እጁን እስማለሁ። አንድ ሳንቲም አላተረፈ፣ አንድ ሳንቲም አላጎደለ። ሙዝ ለቃሚው ሀብታም አይሆንም፣ ግን አገሩ ይገባል። የዓለማችንን የሥራ ገበያ ያየ ሰው ይህ ከዘንዶውም ከአስማቱም በላይ ተረት እንደሆነ ይገባዋል። የእኛ አገር ሰው ባሕር ማዶ ለእንጀራ ሄዶ መመለሻ ያጣ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የሰፈር ልጅ አያጣም። እዚያ ወደብ ላይ ግማሽ ቀን አሠርቶ የመመለሻውን ልክ ቆጥሮ የሚሰጥ ሉታስ አልቆመም። እኔ ሳንቲም እያለኝም አንዳንዴ ሣጥኑን እሞላለሁ። ለምን እንደሆነ ባለቤቴ ብትጠይቀኝ የምመልሰው የለኝም። (ጉምሩክ ላይ የቆመው ፈታሽ የአልኮል መጠጥ እንዳታስወጪ ዕቃሽን ያገላብጣል፤ መጠጡ በሙዝ ሣጥን ተደብቆ የሚያልፍበት ተልእኮም አለሽ። ጉምሩክና ኮንትሮባንድ ሳይኖር ወደብ እንደማይሆን የገባሽ መሆኑን ሳላደንቅ አላልፍም።)

እንደገና ወደ አኻያዬ ልመለስ። ዛፍ ለመቁረጥ አንዴ ስክሪኑን መንካት ይበቃል፤ ሰውዬው ራሱ ይቆርጣል። ተጫዋቹ እጁ ባዶ ነው፣ ዓይኑም እንዲሁ። ከዚያ ወሬ ይመጣል። ቡና የሚጠራራ ጎረቤት ተጠምቶ እንዳልሆነ ሁሉ እዚያ ዛፍ ሥር የምንሰበሰበውም እንጨት ቸግሮን አይደለም። አንዱ የማታ ፈረቃ ላይ ነኝ ይላል። አንዷ ሕፃን ልጅ ደረቷ ላይ ተኝቶባት በአንድ እጇ ነው የምትጽፈው። አንዱ ነገ ፈተና አለበት፤ ሁላችንም ሂድና ተኛ እንለዋለን፣ አይሄድም። እኔ ‹እንደምን አደራችሁ› ስል ሌላው ‹ደህና እደሩ› እያለ ይወጣል። ስም አንጠያየቅም፣ አገርም ብዙ አንጠያየቅም። ኢትዮጵያ ስል ‹እዚያም ሩንስኬፕ አለ እንዴ?› ያለኝ አለ፤ ‹እዚያም ዛፍ አለ› አልኩት።

ለጀማሪ የሚሰጥ ደግ ሰውም ሞልቶብሻል። የዛፍ ቆረጣ ደረጃዬ 41 እንደገባ በቻት ላይ ስናገር አንድ የማላውቀው ሰው አጠገቤ መጣና ‹ሩን› የሚባለውን መጥረቢያ ሰጥቶኝ ሄደ። ያ መጥረቢያ በዚያ ደረጃ የሚያዝ ነው፤ ለእሱ ምንም ላይሆን ይችላል፣ ለእኔ ግን የረጅም ጊዜ ሥራ ዋጋ ነበር። ስሙን በደንብ ለማንበብ እንኳ አልደረስኩም። ይህን ደብዳቤ ያነበበ እንደሆነ መጥረቢያው ዛሬም ይሠራል።

ድሮ ግን ዛፍ ሥር ጠብም ነበር። አንድ ዛፍ ሲቆረጥ ይወድቅና እስኪበቅል ስለሚያስጠብቅ፣ ሌላ ሰው መጥቶ ሲቆርጥ ገቢሽን የቀማሽ ያህል ነበር፤ ‹ሂድ፣ ሌላ ሰርቨር ግባ› እየተባባልን እንጯጯህ ነበር። በ2023 ደንቡ ተለወጠ። አሁን በአንድ ዛፍ ላይ አብረው የሚቆርጡ ሰዎች ለየብቻቸው ከሚቆርጡት የተሻለ ይቀናቸዋል። ጩኸቱ በስብከት አልቆመም፤ ሒሳቡ ሲስተካከል ቆመ። ይህን የጻፈው የኮምፒውተር ባለሙያ ለአንዳንድ ሰፈር ኮሚቴ አማካሪ ቢሆን አልጠላም።

የምስጋና ደብዳቤ ነው ብዬ ደግሞ ሁሉን ማር አላደርግም። ስለ ገንዘብሽ የምለው አለኝ።

አብዛኛው ምድርሽ የሚከፈተው በወር ለሚከፍል አባል ነው። ከእኛ አገር ሆኖ በባንክ ካርድ ወደ ውጭ መክፈል ለብዙ ሰው ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። አንቺ ግን ከ2015 ጀምሮ ቦንድ የሚባል መላ አለሽ። አንዱ ተጫዋች በእውነተኛ ገንዘብ ቦንድ ይገዛል፤ ገበያ ላይ አውጥቶ ለሌላ ተጫዋች በጌሙ ወርቅ ይሸጠዋል፤ የገዛው ሰው ለ14 ቀን አባል ይሆናል። ድርጅቱ ገንዘቡን ያገኛል፣ ጊዜ የሌለው ሰው ወርቅ ያገኛል፣ ካርድ የሌለው ሰው በር ይከፈትለታል። ቦንድ ውድ ነው፤ እንደ እኔ ያለ ዘገምተኛ ብዙ ወር አጠራቅሞ ነው አንዱን የሚያገኘው። ያገኘሁ ሰሞን ግን ለአሥራ አራት ቀን ከበርቴ ነኝ። ሲርስ ከሚባለው መንደር በስተ ደቡብ ያለው የተልባ ማሳ ወርጄ ተልባ እለቅማለሁ፤ እዚያ ፍሬው ሳይሆን ጭረቱ ነው የሚፈለገው፣ በመፍተያ ተፈትሎ የቀስት አውታር ይሆናል። ዛፍም እተክላለሁ። አትክልተኛው በሽታ እንዳይመታው እንዲጠብቅልኝ በዓይነት ይከፈለዋል፤ ለኦክ ዛፍ አንድ ቅርጫት ቲማቲም፣ ለአኻያ አንድ ቅርጫት ፖም። ከዚያ ስልኬን ዘግቼ ቢሮ እሄዳለሁ፤ ዛፉ እኔ ሳልኖርም ያድጋል። ካርዱን አውጥቶ ቦንዱን የገዛው ያ የማላውቀው ባዕድ ሰው ይመስገን።

ይኸው ወርቅሽ ግን ሌላ ገጽታ አለው። ቬኔዝዌላ ኢኮኖሚዋ ሲፈርስ፣ ከ2017 ጀምሮ ባሉት ዓመታት፣ ብዙ የአገሬው ሰው ምድረ በዳሽ ውስጥ አረንጓዴ ዘንዶ እየገደለ፣ አጥንቱንና ቆዳውን እየሸጠ፣ ወርቁን በድብቅ በዶላር ይመነዝር ነበር። ደንብሽ ይከለክለዋል፤ የተያዘው አካውንቱ ይዘጋል። ከዚያም ብሶ እነዚያን ሰዎች እያደኑ መግደልን ጨዋታ ያደረጉ ነበሩ። እኔ ለመዝናናት በምገባበት ምድር ሌላው የልጆቹን ምሳ ፍለጋ ይገባል፤ እኔ ‹ዛሬ ሰለቸኝ› ብዬ ስወጣ እሱ መውጣት አይችልም። ድርጅቱ ደንቡን ማስከበሩ ልክ ነው እላለሁ፤ ወርቅ በገንዘብ የሚሸጥበት ገበያ በሮቦት አካውንት ይሞላል፣ ሞልቶብሻልም፣ የእኔንም አኻያ ሥር ስማቸው ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለባቸው ዲዳዎች እየሞሉት ነው። ይህን ግን በጣም አልወደድኩትም፦ ሕግ ተላላፊው በልቶ ለማደር፣ አሳዳጁ ለመሳቅ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው ከአሳዳጁ ጋር መሳቁን።

ስለ አጭበርባሪዎችሽ ብዙ አልልም። ቫሮክ በሚባለው ከተማሽ ገበያ ላይ ‹ወርቅህን ስጠኝ፣ እጥፍ አድርጌ እመልስልሃለሁ› እያለ የሚጮህ አይጠፋም። ‹ጥሩርህን በነፃ ላስጊጥልህ› የሚልም ነበር። አውቶቡስ ተራ የዋለ ሰው ይህን ሙያ ያውቀዋል፤ ፈገግ ብሎ ያልፋል።

ታዲያ እኔ ምን ዓይነት ተጫዋች ነኝ? ሪቻርድ ባርትል የሚባል እንግሊዛዊ አለ፤ በ1978 ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ከሮይ ትሩብሾ ጋር የመጀመሪያውን በጽሑፍ ብቻ የሚሠራ የጋራ ዓለም ከሠሩት አንዱ ነው። በ1996 ባወጣው ጽሑፍ ተጫዋቾችን በአራት ከፍሏቸዋል፦ ስኬት ፈላጊ፣ አገር ፈታሽ፣ ወሬ ወዳድና ገዳይ። ራሴን በአራቱም ሚዛን አስቀመጥኩ። ስኬት ብል ደረጃዬ ያሳፍራል። ፍተሻ ብል ከድሬይኖር ብዙም አልርቅም። ገዳይ አይደለሁም፤ ዶሮ እንኳ ላባ ስላስፈለገኝ እንጂ በክፋት አልነካም። ወሬ ወዳድ ነው የሚቀርበኝ፣ ግን ግማሹን ጊዜ ዝም ብዬ ነው የምቆመው። አምስተኛ መደብ ይጨመርልን ባይ ነኝ፦ ሰው ያለበት ቦታ አጠገብ ሆኖ የራሱን ትንሽ ሥራ መሥራት የሚወድ። ጡረተኛ አባቶች ካፌ በር ላይ ጋዜጣ ይዘው የሚቀመጡት ለዜናው ብቻ ይመስልሻል?

ዜማሽንም ሳላነሣ አላልፍም። ፖርት ሳሪም ሲገባ የሚመጣው፣ ኢያን ቴይለር የደረሰው ‹ሲ ሻንቲ 2› አንቺን ነክተው የማያውቁ ሰዎች ጆሮ ሳይቀር ገብቷል፤ በቪዲዮው ሁሉ ላይ ሲለጥፉት ነበር። እኔ ታክሲ ውስጥ ሳፏጨው የማውቃቸው ሰዎች የባሕል ዘፈን መስሏቸዋል። ከርካሽ የመጫወቻ ፒያኖ የወጣ የሚመስል ድምፅ ነው፤ በትልቅ ኦርኬስትራ ሲጫወቱት ሰምቼ ያንኑ ርካሹን መረጥኩ።

እንግዲህ ለአንባቢዎቼ አንድ ሁለት ቃል ልበልና ላብቃ። ጊሊኖርን ለመጎብኘት ያሰባችሁ፣ መግቢያው ነፃ ነው፤ ስልካችሁ የቆየ ቢሆንም ይሞክረዋል። የይለፍ ቃላችሁን ሌላ ቦታ የማትጠቀሙበት አድርጉት። ወርቅ በገንዘብ አትግዙ። ካራምጃ ስትሻገሩ የመመለሻ 30 ሳንቲም ያዙ፤ ካልያዛችሁም አትደንግጡ። ቀድማችሁ የገባችሁ ደግሞ፣ ደረጃችሁ ከፍ ያለ፣ ያማረ ካባ የደረባችሁ፣ አደራ፦ ላምብሪጅ በር ላይ ቆሞ ‹ዱቄት ከየት ነው የሚገኘው?› የሚል ጀማሪ ስታዩ አትሳቁበት፣ መልሱለት። ወፍጮው ከላምብሪጅ በስተ ሰሜን ምዕራብ ነው።

አክባሪሽ፣
የድሬይኖሩ ዛፍ ቆራጭ
አዲስ አበባ